በእኒያ እናት ጉያ የመጣው መስታወት

ይህ ነገር የገጠመኝ በደርግ ዘመን፣ ኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ረዳት ሆኜ ስሠራ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ያን ቀን የተጓዝሁትን የአውቶቡስ ጉዞ ግን አልረሳሁትም።

በዚያ ሰሞን በፋብሪካው የሠራተኞች ሱቅ ሻጭ የነበረው ሰይድ ታስሮ ነበር። የሚሸጠው የምግብ ዘይት ላምባ ላምባ ይሸታል ብለው ሰዎች ከሰሱት፤ ላምባ እየደባለቀ ዘይቱን ለራሱ ያስቀራል ተባለ። ጊዜው ክፉ ነው። አንዴ "አሻጥር" ከተባለ መመለሻ አልነበረውም።

ኬሚስታችን "በአፍንጫ ሰው አይፈረድበትም፤ በማሽን እንየው" አለ። ማሽኑ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ይባላል። የዘይቱ ትነት እንደ ጸጉር በቀጠነ ረጅም የመስታወት ቱቦ ውስጥ ያልፋል። የተደባለቀው ነገር እዚያ እየተለያየ ተራ በተራ ይወጣል፤ ብዕር ደግሞ ወረቀት ላይ ይሥለዋል። ቱቦውን ካፒላሪ ኮለም ይሉታል። የእኛው ተሰብሮ ስለነበር ደሴ ካለ መሥሪያ ቤት ትርፍ እንዳመጣ ተላክሁ።

እንደ ክር የተጠቀለለውን ቱቦ በካርቶን ሰጡኝ። "ከተንገጫገጨ አለቀለት" አሉኝ።

አውቶቡሱ ጢም ብሎ ነበር። ቆሜ ካርቶኑን ከፍ አድርጌ ስይዝ አንድ ሰውዬ "አንቺ ልጅ፣ እንቁላል ከሆነ እዚሁ ጥበሺውና እንብላ!" አለ። ሰው ሳቀ።

"አንተ ደግሞ ሆድህ ብቻ ነው የሚታይህ" አሉት መስኮት አጠገብ የተቀመጡ ባለ ሻሽ እናት። ወደ እኔ ዞረው "አምጪው ልጄ፣ ልያዝልሽ። ምንድን ነው?" አሉ።

"መስታወት ነው እማማ፤ ቶሎ ይሰበራል።"

"አብሽሪ፣ ኢንሻ አላህ ምንም አይሆን።"

ሻርፓቸውን አጥፈው ጭናቸው ላይ አነጠፉና ካርቶኑን ታቀፉት። ሐረጎ ጠመዝማዛው መንገድ ላይ አውቶቡሱ ሲያጋድል አብረው እያጋደሉ ዱዓ ያደርጉ ነበር።

ኬላ ላይ ወታደር ገባና ካርቶኑን አስከፈተ። ሽቦ መሰለው መሰለኝ፣ እጁን ሰደደ።

"በዓይንህ እይ እንጂ አትንካ ልጄ። የሰው አደራ ነው" አሉት።

ጎንበስ ብሎ አየና ወረደ። ልቤ መለስ ሲልልኝ ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቅኋቸው።

"ከቢስቲማ ነው የመጣሁ። ልጄ ሰይድ ኮምቦልቻ ታስሮብኝ። ዘይት ላይ ላምባ ጨመረ አሉት። ወላሂ፣ የሰው ሐቅ የሚነካ ልጅ አልወለድሁም።"

የታቀፉት ነገር የልጃቸው ዘይት መመርመሪያ መሆኑን ልነግራቸው ፈለግሁ። ግን ዘይቱ ውስጥ በእርግጥ ላምባ ቢገኝስ? ስንወርድ ካርቶኑን መልሰውልኝ፣ ስንቃቸውን አንጠልጥለው ወደ ፖሊስ ጣቢያው አዘገሙ።

በማግስቱ ኬሚስቱ ኮለሙን ገጥሞ መጀመሪያ ላምባ ብቻውን አሳለፈ። ብዕሩ እንደ ሚዶ ጥርስ የተደረደረ ነገር ሣለ። ከከሳሾቹ ጀሪካን የመጣው ዘይትም ያንኑ ጥርስ አወጣ።

የመጨረሻው በቀጥታ ከሱቁ የዘይት በርሜል የተቀዳው ነበር። ጥርሱ በሚወጣበት ቦታ ብዕሩ ቀጥ ብሎ አለፈ።

"የበርሜሉ ንጹሕ ነው" አለ ኬሚስቱ።

ያኔ ነገሩ ገባን። ጀሪካን እንደ ልብ አይገኝም ነበርና፣ ሰዎቹ ቀድሞ ላምባ በያዙበት ጀሪካን ነበር ዘይት የቀዱት። ወረቀቱ ለፖሊስ ተላከ፤ ሰይድ ተፈታ።

እናትና ልጅ ሊያመሰግኑ ፋብሪካው በር ድረስ መጡ። እናቲቱ ሲያዩኝ "ያቺ የመስታወቷ ልጅ!" አሉ። ያን ጊዜ ነገርኋቸው፤ ሰይድን ያስፈታው እሳቸው ታቅፈውት የመጡት ዕቃ መሆኑን።

የልጃቸውን ትከሻ ቸብ አድርገው "ሰማህ አንተ? ጢም አብቅለህም ገና ታቅፌህ እዞራለሁ!" አሉት። ሰይድ ሊስቅ ሞክሮ አለቀሰ።

አሁን አርጅቻለሁ። ሥራሽ ምን ነበር ሲሉኝ ዕቃ ማጠብና መላላክ እላለሁ፤ እውነትም ነው። ያን ቱቦ ያመጡት ግን እሳቸው ናቸው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነው የመጣሁት፤ በዚያም ደስ ይለኛል።