ከስም ዝርዝሩ ያስቀረኋቸው

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርሁም። ሳልነግር ቆርቤአለሁ። ለእናንተ ልናገር።

ካርቱም፣ ማዮ በሚባለው ሰፈር፣ በሰው ቤት ለሚሠሩ የአገራችን ሴቶች ፊደል የምናስቆጥርበት በእርዳታ ገንዘብ የቆመ አንድ ክፍል ነበረን። ትምህርቱ ዓርብ ዓርብ ነበር፤ ሴቶቹ ከሥራ የሚላቀቁት ያን ቀን ብቻ ነው። አስተባባሪዋ እኔ ነበርሁ። በዚያ ደመወዝ ሦስት ልጆች አሳደግሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ስል ግን አፌ ይከብደኛል።

በሁለተኛው ዓመት ለጋሾቹ ገምጋሚ እንደሚልኩ ጻፉልን። ግምገማውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ቀኑን ቆረጥሁ፤ የሚነበበውን መረጥሁ፤ የተማሪዎቹን ስም ዝርዝር ጻፍሁ። ማንበብ ያቃታቸውን ዐሥራ አንድ ሴቶች ከዝርዝሩ ያስቀረሁትም እኔ ነኝ።

ለምን? እንግዳ ሲመጣ የተቀደደው ምንጣፍ ይነሣል፤ ያደግሁት እንዲህ ነው። ገምጋሚዋን እንግዳ አደረግኋት። ግን እንግዳ ናት ያለኝ ማን ነው?

ዐሥሩን አስቀድሜ "በዚህ ዓርብ ትምህርት የለም" አልኋቸው። ለዘይነባ ግን መልእክቱ አልደረሳትም። ዘይነባ የወሎ ሴት ናት፤ ከኦምዱርማን ሁለት አውቶቡስ ይዛ፣ ድልድይ ተሻግራ ትመጣለች። ልጇ ከአገር የምትልክላትን ደብዳቤ ሳጃና ሰፈር ያለ ሻይ ቤት ወስዳ ታስነብብ ነበር፤ ገመናዋ ሁሉ የሻይ ቤት ወሬ ሆነ። ፊደል ልትቆጥር የመጣችው ለዚህ ነው።

በር ላይ አስቆምኋት።

"እትዬ፣ ሀሁን እኮ ጨርሻለሁ። ሲገጣጠሙ ነው የሚጣሉብኝ። ይፈትኑኝ፤ ቢስቁብኝስ ምን እንዳልሆን?"

"ዛሬ አይሆንም። ያላ፣ ሂጂ።"

"ኢንሻአላህ በሚመጣው ዓርብ" ብላ ተመለሰች።

ገምጋሚዋ አማርኛ የምታነብ ሱዳናዊት መምህርት ነበረች። በዝርዝሩ ያሉትን ሁሉ አስነበበች፤ ሁሉም አነበቡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "ወደ ኋላ የቀሩትን አሳዪኝ። የሌላ ዓመት ገንዘብ የምጠይቀው ለእነሱ ነው" አለችኝ።

"ማፊ" አልኋት። የሉም።

ዘይነባ ያኔ ገና አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ነበረች፤ በመስኮቱ ትታየኝ ነበር። ሮጬ ልጠራት አልችልም ነበርን? እችል ነበር። አልጠራኋትም።

ሪፖርቱ፣ ሥራው ግቡን መትቷል አለ። ግቡን ስለመታ ክፍሉ ተዘጋ። ለእኔ ሌላ ሥራ ሰጡኝ፤ ከምስጋና ወረቀት ጋር።

ይኸው ስንት ዓመት፣ ዘይነባ ደብዳቤዋን የምታመጣው ለእኔ ነው። ልጇ ስታገባ ያነበብሁላት እኔ ነኝ። የልጅ ልጇ ሲሞት ያነበብሁላትም እኔ ነኝ። ያን ቀን ፊቷን በጦቧ፣ በሱዳኖቹ መጎናጸፊያ፣ ሸፍና፣ "ምነው ብቻዬን ባነበብሁት" አለች። ስትነሣ ግን እንደ ሁልጊዜው፣ "አላህ ይስጥዎ፣ እትዬ" አለችኝ።

"አሜን" አልሁ። አሜን ማለቴን ከሁሉ አብልጬ እፈራዋለሁ።

እናንተን ማሩኝ አልልም። የበደልሁት እሷን ነው። ፊት ለፊት እንዳልነግራት አፍ የለኝም። ጽፌ እንዳልሰጣት፣ የማነብላት እኔው ነኝ።