በስሟ የገባው ዘመድ

የአውቶቡስ ትኬት በኢንተርኔት በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ክላስተሩን የምትጠብቀው እሷ ነበረች። ክላስተር ብዙ ሰርቨሮች ተቀናጅተው፣ እንደ አንድ ሆነው የድርጅቱን ፕሮግራሞች የሚያሠሩበት ሥርዓት ነው። ድሮ ሠራተኛው ሁሉ በአንድ የጋራ ቁልፍ ይገባ ስለነበር፣ የሆነ ነገር ሲበላሽ ማን እንዳበላሸው አይታወቅም፤ ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር። ይህን ያስቀረችው እሷ ናት። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ በየስሙ ሰርተፊኬት የሚባለውን የኮምፒውተር መግቢያ ፈርማ ሰጠች፤ ማን እስከምን መንካት እንደሚችልም ወሰነች።

ሰርተፊኬቶቹ የሚፈረሙበትን ዋና ቁልፍ ከእሷ ሌላ የያዘው የአክስቷ ልጅ ብቻ ነው። ያደጉት አንድ ቤት ነው። ሥራ ያስገባችውም ያስተማረችውም እሷ ናት። ከፍጥነቱ የተነሳ ቢሮው "ክብሪት" ይለዋል።

እናቷን ሐኪም ቤት ይዛ በሄደችበት ጠዋት የትኬት ሽያጩ ቀጥ አለ። መናኸሪያው በተሳፋሪ ተጨናነቀ። ስትመለስ ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ሰብስቦ ጠበቃት።

"የሽያጩ ፕሮግራም የጠፋው ባንቺ ስም ተገብቶ ነው" አላት።

"ከእናቴ አጠገብ ነበርኩ፤ ኮምፒውተር አልነካሁም።"

ክብሪትን አየችው። የውሃ ጠርሙሱን ወረቀት በጥፍሩ ይልጣል። ያን ጊዜ ገባት። መፈረሚያው በእጁ ያለ ሰው በፈለገው ሰው ስም ሰርተፊኬት ማውጣት ይችላል።

ኮሪደር ላይ ያዘችው።

"በስሜ ፈርመህ ነው የገባኸው?"

"የእኔ ፈቃድ እስከ ሽያጩ ፕሮግራም አይደርስም። አንድ ማስተካከያ ቶሎ ልጨርስ ብዬ ነው፤ አበላሸሁት።"

"እሺ፣ አሁንስ ለምን ዝም አልክ?"

"አንቺን አያባርሩሽም ብዬ ነዋ። እኔን ግን…"

"እናቴ ሐኪም ቤት ተኝታ እያለች?"

ተመልሳ ገብታ የሆነውን ለሥራ አስኪያጁ ተናገረች። ክብሪት ከሥራ ተሰናበተ።

የተፈረመ ሰርተፊኬት ለብቻው ነጥሎ መሰረዝ ስለማይቻል ዋናውን ቁልፍ ራሱን ቀየረችው፤ የሁሉም ሰው መግቢያ አብሮ ወደቀ። ተጠቃሚዎቹን እንደ አዲስ አስገባች። አሁን እያንዳንዱ የሚገባው በድርጅቱ አካውንቱና በስልኩ በሚደርሰው ቁጥር ነው። እያጉረመረሙ ተቀበሏት።

ሥራው ላይ እያለች አክስቷ ደወለች።

"የገዛ ወንድምሽን ሜዳ ላይ ጣልሽው አይደል?"

"አክስቴ፣ መጀመሪያ እኔን የጣለኝ እኮ እሱ ነው።"

አክስቷ ስልኩን ዘጋችው።

እናቷ ድና ቤት ስትገባ ሁሉም ዘመድ መጣ፤ አክስቷና ክብሪት ግን ቀሩ።

"ያ ልጅ ምነው ጠፋ?" አለች እናቷ።

"ሥራ በዝቶበት ነው።" ትራሱን አስተካከለችላትና ወጣች።