ቤቱ የናንተው ነው

ባሌ ያን ቀን ከሐጂ ቤት ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። ገና በሩን ሳያልፍ "አለቀ! ቤቱ የእኛ ሆነ" አለኝ። ሐጂ የምንላቸው አከራያችንን ነው፤ ፍኖተ ሰላም ገበያ እህል ሲነግዱ ያረጁ፣ ከእኛ አጥር ቀጥለው የሚኖሩ ሽማግሌ። ቡሬ ያለው ልጃቸው ወስዶ ሊጦራቸው ስለቆረጠ፣ የራሳቸውን ቤት ለወንድማቸው ልጅ ትተው እኛ የተከራየነውን ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ሊሸጡት ነበር። ይህን እንደሰማሁ ነው ባሌን "ሂድና ጠይቅ" ብዬ የገፋሁት።

"በትክክል ምን አሉህ?" አልሁት።

"ቤቱን እኛ ብንገዛዎትስ ብላቸው፣ 'ኧረ ምን ጥያቄ አለው፣ ቤቱ የናንተው ነው!' አሉኝ።"

"በሰሙ ነው በወርቁ?"

ባሌ የግብርና ባለሙያ ነው፤ በቅኔ አይታማም። "የምን ሰም አመጣሽ? በአፋቸው ነው ያሉኝ" ብሎ ተቆጣ። እኔ ግን አማርኛ አስተማሪ ነኝ። በእኛ አገር እንግዳ ደጃፍ ላይ ሲቆም "ቤቱ የናንተው ነው" ማለት "እንዴት ዋላችሁ" እንደማለት መሆኑንም ሊበን ተወልጄ ሳድግ ስሰማው የኖርሁት ነው። ቢሆንም እርጉዝ ነበርሁ፣ የመውለጃ ወሬም ገብቶ ነበር፤ ማመን ስለፈለግሁ አመንሁ።

ከዓመታት በፊት ተመድቤ ፍኖተ ሰላም ስመጣ ቤት መግዛት እንዲህ ሰው የሚያስጨንቅ ነገር አልነበረም። የሚጨነቀው ሻጩ ነበር። ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ቤት ዓመት ሙሉ ለሽያጭ ቆሞ አይቻለሁ። ገዢው ከመኸር በኋላ ይመጣል፤ ምሰሶውን እያንኳኳ ምስጥ ይፈልጋል፤ የጉድጓዱን ውኃ ቀምሶ ይሄዳል። ደግሞ ወንድሙን ይዞ ይመለሳል፤ ጠላ ተጠጥቶ ስለ ዝናብ ተወርቶ ይለያያሉ። ሌላ ፈላጊ ቢመጣ እንኳ "ተነግሮበታል" ከተባለ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ሌላ ሰው በተናገረበት ቤት ላይ ዋጋ መጨመር የሰው እጮኛ እንደመጠየቅ ነውር ነበር።

ከዚያ ቡሬ አደገች። ፋብሪካ መጣ፣ ነጋዴው በዛ፣ የቡሬ ገንዘብ በአስፋልቱ ወደ እኛ ይፈስ ጀመር። ደላሎች ስማርት ስልክ ያዙ። ጧት ፎቶው በስልክ የተለቀቀ ቤት ምሳ ሳይደርስ ይሸጣል፤ ገዢው ጣሪያው እንደሚያፈስ የሚያውቀው ክረምት ሲገባ ነው። "ተነግሮበታል" የሚለው ቃል ነውርነቱ ቀርቶ ማስታወቂያ ሆነ፤ አንድ ሰው ተናገረበት ከተባለ አምስት ሰው ይሮጣል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ የሚባለው ለእነሱ ነው።

ቀጥሎ ገጠሩ ሰላም አጣ፤ ሽሚያው እንደገና መልኩን ለወጠ። ከተማ ውስጥ እኖራለሁ ብለው አስበው የማያውቁ ሰዎች በሬ ሸጠው፣ ጥሪታቸውን ጠቅልለው መጡ። እነዚህ ስለ ክፍሉ ብዛት አይጠይቁም። በሩ ብረት መሆኑን፣ ጎረቤት ቢጠሩት ይሰማ እንደሆነ ነው የሚጠይቁ። የሚከራይ ክፍል ከከተማው ጠፋ፤ የሥራ ባልደረባዬ ከነልጆቿ የዘመድ ሳሎን ውስጥ ነበር የምታድር። እንግዲህ የሐጂ ቤት ከእጃችን ከወጣ የምንገባበት አልነበረንም። ይህን እያሰብሁ ሴት ልጅ ወለድሁ።

እናቴ ልታርሰኝ ከሊበን መጣች። የሐጂ ባለቤት በበኩላቸው አጥሚቱን ያለማቋረጥ በአጥሩ ሽንቁር ያቀብሉን ነበር። እናቴ የጓዳውን በር በነጠላ ጋረደችና እዚያው አጠገብ በርጩማዋን ተከለች። ቤቱን ሊያይ የመጣ ደላላ ሁሉ የሚጋጨው ከእሷ ጋር ነበር።

"እናት፣ አንዴ ብቻ ጓዳውን ቪዲዮ ልቅረጽ" ይላል አንዱ።

"ግባ፣ ማን ከለከለህ? ካህን ጠበል ያልረጨው የአራስ ቤት ነው። ገብተህ ስታበቃ ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደምትሳለም አንተ ታውቃለህ" ትለዋለች።

ማንም አልገባም። በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ጥሩ ዘበኛ ኖሮኝ አያውቅም።

አንድ ጧት ግን ግቢው በሰው ተሞላ። ባሌ ውሉን ሊጨርስ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ሐጂን ሲጠብቅ፣ አንድ የቡሬ የበርበሬ ነጋዴ ከደላላውና ከራሱ ሽማግሌዎች ጋር ገባ። ወዲያው ከደምበጫ በኩል ከገጠር የመጡ አንድ ገበሬ፣ ጋቢ የለበሱ፣ ባለቤታቸውንና ሽማግሌዎቻቸውን አስከትለው ገቡ። እኔ ጋደም ብዬ በጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ ሁሉን እሰማለሁ። ባሌ "ሐጂ ለእኛ ሰጥተውናል" አለ። ነጋዴው "ለእኔ ነው የሰጡኝ፣ ቤቱ የናንተው ነው ብለውኛል" አለ። ገበሬው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ለእኛም እንዲሁ ነው ያሉን" አሉ። ሦስቱም የመጡት በአንድ ቃል ተሸኝተው ነበር።

ሐጂ ይህን ሲባባሉ ደረሱ። "ጎበዝ፣ ደጄን ለረገጠ ሰው ታዲያ ሌላ ምን ይባላል? 'ቤቱ የናንተ አይደለም' ልበል?"

ሆዴ ቢቆስልም ሳቄ አመለጠኝ። ቅኔ የተማረ ቀርቶ ያልተማረም ማወቅ ነበረበት፤ ግን ቤት የቸገረው ሰው ሰምና ወርቅ የሚለይበት ልብ የለውም። ሐጂ አንድም ሰው አላታለሉም፤ ሁሉንም አከበሩ። ደላላው ግን ፋታ አልሰጠም፤ "እንግዲያው ዋጋ ይጠራ!" ብሎ ጮኸ።

ዋጋ መጥራት ተጀመረ። ባሌ ገና በመጀመሪያው ጭማሪ "እኔ አልችልም" ብሎ ወጣ። አንገቱን ሲደፋ በግድግዳው ያየሁት ያህል ነበር። እናቴ እጄን ያዘችኝ። ገበሬውና ነጋዴው ተያያዙት፤ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይጨምራል። በመጨረሻ ነጋዴው አንድ ትልቅ ዋጋ ጠራና፣ "ግን ቤቱ በዚህ ሳምንት ባዶ ሆኖ ልረከበው" አለ። ይኼኔ ልጄ ነቅታ አለቀሰች።

"ውስጥ ማን አለ?" አሉ ገበሬው።

"ተከራይ ናት አባባ፣ ትወጣለች" አለ ደላላው።

እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና እንደ ነብር ጮኸች፤ "አራስ ናት! የሴት አራስ!"

ቀጥሎ የተናገሩት ገበሬው ናቸው፤ ቃላቸውን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

"እንግዲህ እኔ ተቤቴ ወጥቸ ነው እዚህ የቆምሁት። የመውጣትን ነገር አውቀዋለሁ። አራስ ተተኛችበት አስነስቸ የምገባበት ቤት ሲቀር ይቅር። ሐጂ፣ ተዚህ ሰውዬ ዋጋ መድረስ አልችልም። ግን ለእኔ ተሸጡልኝ፣ ልጅቱ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና እስክትነሳ እናቷን የሚነካት የለም። እኔና ባለቤቴ ማድ ቤቱ ይበቃናል።"

ሐጂ ወደ ነጋዴው ዞረው፣ "ልጄ፣ ሚስቴ ለዚች አራስ አጥሚት ስታሞቅ ነው የሰነበተች። ያንተን ገንዘብ ብቀበል ዛሬ ቤቴ እንዴት እገባለሁ?" አሉት። ቤቱን ባነሰው ዋጋ ለገበሬው ሸጡ። ነጋዴውም ክፉ ሰው አልነበረም። "አራስ መኖሯን ማን ነገረኝ?" ብሎ በደላላው ላይ ጮኸ፤ ለክርስትናው ከቡሬ የተደለዘ በርበሬ ላከልን። ወጡ የተሠራው በእሱ በርበሬ ነው፤ እግዜር ይስጠው።

ለልጄ የክርስትና እናት የሆኗት የገበሬው ባለቤት ናቸው። ከክርስትናው በኋላ ቤት ፍለጋ ወጣን፣ አላገኘንም። አያ፣ ገበሬውን እንዲህ ነው የምንጠራቸው፣ "የት ልትሄዱ? እናንተ ጓዳውን ያዙ፣ እኛ ሳሎኑ ይበቃናል" አሉን። የመጀመሪያውን ኪራይ ስንሰጣቸውም፣ "ለክርስትና ልጄ ቤት ላከራይ ነው? ለሷ አስቀምጡላት" ብለው መለሱልን። ባሌ በየወሩ ቁጠባ ማኅበር ያስገባው ጀመር።

ሁሉ ነገር ማር ነበር ብል እዋሻለሁ። አንድ ማድ ቤት ውስጥ ሁለት ሴት ስንገፋፋ ምጣዱ ይመሰክራል። አያ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ይነሡና ግቢ ወጥተው፣ እርሻቸው አንድ ቀን መንገድ ርቆ ሳለ፣ ደመናውን እያዩ ጮክ ብለው ከዝናቡ ጋር ይከራከራሉ። ልጄን ሁለት ጊዜ በዚህ ቀስቅሰዋታል፤ እኔም ተቆጥቻቸዋለሁ። ከቁጣዬ በኋላ ግን በሹክሹክታ ይከራከሩ ጀመር፤ ይህን በሰማሁ ቁጥር ከልቤ ወደድኋቸው።

ባለፈው ዓመት ሰፈራቸው ረገብ አለ ተባለ። አያ ሄደው አይተው ተመለሱ፤ ለመዝራት እንደሚመለሱ ፊታቸው ተናገረ። ደላሎቹም በአንድ ቀን ሰሙ። ሽሚያው አሁን ደግሞ ሌላ ነው፤ ገዢው ከቡሬም ከባሕር ዳርም በስልክ ነው የሚመጣ፣ ቤቱን ሳያይ ይገዛል። ግቢያችን ቆሞ የማያውቅ ሰው የመኝታ ክፍሌን ልክ ለደላላ ሲጠይቅ ሰምቻለሁ። አያ ከገዙበት እጥፍ የሚሆን ዋጋ ተጠራላቸው። ሰው ገንዘቡን ቢፈልግ ምን ይደንቃል? በሬ የሸጠ ሰው በሬ መግዛት አለበት። እኔ ግን ፈራሁ፤ ፈርቼም ተኮሳተርሁ። ያን ሰሞን ሰላምታ እንኳ በአንገቴ ነበር የምሰጣቸው።

ሊሄዱ ሲሉ እኔንና ባሌን ጠሩን። ባለቤታቸው ጓዛቸውን አስረው በር ላይ ቆመዋል። አያ ባሌን፣ "ያ የልጅቱ ኪራይ አለ?" አሉት።

"አለ፣ አያ። አልነካነውም።"

"በገዛሁበት ዋጋ፣ እሱን ይዛችሁ ብትጀምሩ፣ የጎደለውን ሲኖራችሁ ብትሞሉ…" አሉና ቁልፉን ከጋቢያቸው ጫፍ ፈቱት። "እንግዲህ ቤቱ የናንተው ነው።"

ያን ሰሞን ሁሉ ተኮሳትሬባቸው ነበር። አፌ ላይ የመጣልኝ ያቺ የድሮ ጥያቄ ብቻ ነበረች።

"አያ፣ በሰሙ ነው በወርቁ?"

ባሌ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። አያ ግን ሳቁ።

"እኔ ገበሬ ነኝ መምህርት፤ ወርቅ ተየት አመጣለሁ? በሰሙ ነው።"

እኔ ገና እጄን ሳልዘረጋ፣ ከእግሬ ሥር የቆመችው ልጄ ቁልፉን ቀድማኝ ተቀበለቻቸው።