የእህቴ አንገት

ታናሽ እህቴን ያቃጠላት የጋዝ ሲሊንደር ነው፤ እዚህ ካርቱም አምቡባ የምንለው። አርካዊት በሚባለው ሰፈር ከአንድ ሀብታም ቤት ምግብ ታበስል ነበር። ጎማው እንደሚያፈስ ለእመቤቲቱ ደጋግማ ብትነግራትም «ኢንሻላህ ይቀየራል» እየተባለ ከረመ። እሳቱ አገጯን፣ አንገቷንና ደረቷን በላ። ሆስፒታል ከጭኗ ቆዳ ገፈው አንገቷ ላይ ተከሉላት። የተተከለው ቆዳ ሲይዝ ያለቀ መስሎኝ፣ ካላክላ ሰፈር ወደተከራየኋት ክፍል ይዤያት ገባሁ።

ምኑ ያልቃል! ቁስሉ ሲደርቅ ጠባሳው ሥራውን ጀመረ። ቀላ፣ አበጠ፣ ጠነከረ፤ አገጯን ወደ ደረቷ መጎተት ያዘ። ጠባሳዋን የምትከታተለው ሱዳናዊት ሐኪም አልደበቀችንም። አንገቷ ቀና እንዳለ እንዲቀር ከተፈለገ ትግሉ አሁን ነው፤ አለበለዚያ ጠባሳው ተቆርጦ እንደገና ቆዳ ይተከላል አለች። እህቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። ከጭኗ ላይ ፋሻው ሲነሳ የጮኸችው ጩኸት ከእኔም ጆሮ አልወጣም።

ስለዚህ ታገልን። ጠዋት ጠዋት ጠባሳውን በቫዝሊን አሽቼ ሐኪሟ የሰጠችንን የሲሊኮን ልጣፍ እለጥፋለሁ፤ በላዩ ላይ አንገቷን ጥብቅ አድርጎ የሚይዘውን ማሰሪያ አስራለሁ። ከዚያ ሳሃፋ ሰፈር ወዳለው ሱቅ፣ ወደ ሥራዬ እሮጣለሁ። በዚያ ሙቀት ያንን ማሰሪያ አስሮ መዋል ራሱን የቻለ ቅጣት ነው። አንገቷ ወደ ኋላ እንዲዘረጋ ትራስም ተከልክላለች።

ቀጠሮ ስንሄድ ሐኪሟ ጠባሳውን በጣቷ ተጭና ትለቅና ቅላቱ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚመለስ ታያለች። ቆንጠጥ አድርጋ ውፍረቱን ትገምታለች። ቀጥሎ ለራሷ ለበሽተኛዋ የሚቀርበው ጥያቄ ይመጣል፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ።

«ሕመሙ ከአስር ስንት ነው?»

«ይመስገን» ትላለች እህቴ።

«ማሳከኩስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

ሐኪሟ ትስቃለች። «አልሐምዱሊላህ፣ እኛም እንዲሁ ነው የምንለው። ግን ቁጥሩን ንገሪኝ።»

«አንድ በያት፣ እትዬ።»

እኛ ቤት እንዲህ ነው ያደግነው። አባታችን ሊሞት እያጣጣረ እንኳ እንዴት አደርክ ሲሉት ይመስገን ነበር መልሱ። የእህቴም መልስ አልገረመኝም። ሐኪሟም ቁጥሩን አምና ጠባሳው እየበረደ ነው ብላ ቀጠሮውን አራራቀችው፤ ጠባሳውን እንዲያለሰልስ ውስጡ ልትወጋላት ያሰበችውን መርፌም አቆየችው።

አንድ ቀን ማሰሪያውን ሳጥብ ውስጡ ደም አገኘሁበት። ለካ እኔ ሥራ ስውል አውልቃ አንገቷን በሻካራ ፎጣ ስትፈገፍግ ነው የምትውለው። ደሜ ፈላ። ሳልቆጣት የተውኳት ሐኪሟ ፊት እንድትናገር ብዬ ነው። ቀጠሮው ደርሶ ያው ጥያቄ ሲመጣ፣ እህቴ ያንኑ ልትደግም አፏን ስትከፍት አላስጨረስኳትም።

«ይመስገኑን ለቤተ ክርስቲያን አቆዪው! ቁጥሩን ንገሪያት!»

ኮሪደሩ ላይ የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩን።

«አስር» አለች እህቴ መሬት መሬት እያየች። «ሁልጊዜም አስር ነበር። አመመኝ ካልኩ እንደገና ይቆርጡኛል ብዬ ነው።»

ቃል በቃል ተረጎምኩ። ሐኪሟ የእህቴን አገጭ በሁለት እጇ ይዛ ቀስ ብላ ወደ ላይ ለማንሳት ሞከረች፤ የታችኛው ከንፈሯ ተገለበጠ እንጂ አንገቷ አልተቃናም። የመርፌው ጊዜ አልፏል፣ መቆረጥ አለበት አለች። በእህቴም በሐኪሟም ተናደድኩ፤ ከንዴቴ ይልቅ ግን ኀዘኔ ይበልጥ ነበር። እህቴ ግን እንደፈራሁት አልጮኸችም፤ «እሺ፣ ያላ፣ ይቁረጡኝ» ብቻ አለች።

የቀዶ ሕክምናው ቀን ሳይደርስ ጦርነቱ ጀመረ። ሆስፒታሉ ተዘጋ። ሐኪሟ የት እንደገባች አላውቅም፤ ስልኳ አይሠራም። እኛም የምንሄድበት አጥተን እዚያችው ክፍል ቀረን።

አሁን የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ የግቢው ሰው ሁሉ ወጥቶ ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል። እህቴ ማንጋጠጥ አትችልም። አጠገቤ ቆማ ዓይኗን ብቻ ሽቅብ ሰቅላ የእኔን ፊት ታያለች፤ መቅረቡንም መራቁንም የምታውቀው ከፊቴ ነው።