የማርያም ዕለት ቦይ ውስጥ የተቀመጥኩበት ምክንያት

በ2015 ዓ.ም. ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። ባለቤቴ «ሰባ አራት ነህ፣ አትቀንስ» ትላለች። የእሷ ሂሳብ ይቆየን።

የዚያ ዓመት ክረምት አናዳጅ ነበር። ድሮ እኛ አገር የምናማርረው ዝናብ በዛ ብለን ነበር። ሰኔ ከገባ ቤቱም ጭቃ፣ ደጁም ጭቃ፤ መስቀል ካለፈ በኋላ እንኳ እየመጣ ያስቸግረን ነበር። አሁን ግን ሰኔን አሳልፎ ይመጣል፣ ሐምሌን በበረዶ ይቀጠቅጣል፣ መስከረም ሳያልቅ ጥሎን ይሄዳል። ጤፌ ፍሬ ሊይዝ ሲል ዝናቡ ቀረ። አጨድኩ፣ ወቃሁ፤ ያገኘሁት ጭድ ነው ብል ይቀላል።

የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ገና ልጅ ናት። «አባባ፣ የአየር ንብረቱ ተለውጧል። በበጋ በመስኖ ስንዴ ይዝሩ» አለችኝ። መለወጡንማ መች አጣሁት! «በበጋ ድንችና ሽንኩርት እንጂ ስንዴ ማን አይቶ ያውቃል?» ብዬ ተከራከርኳት። ክርክሩ ጎተራዬን አልሞላልኝም። ኅዳር ላይ ከወንዙ የተጠለፈው ቦይ የሚደርሳትን ማሳዬን አርሼ ስንዴ ዘራሁ። መሬታቸው ላይ ለከሰል የሚሆን ዛፍ የተከሉ ጎረቤቶቼ «ለወፍ ነው የምትዘራው?» እያሉ አላገጡብኝ። ስንዴው ግን በቀለ፣ አማረም።

ቦዩ የጋራ ነው። ውሃውን በተራ የሚያካፍለውን ሰው የውሃ አባት እንለዋለን። የእኛ የውሃ አባት የባለቤቴ ወንድም ነው፤ ዝምድና የሚባል ነገር አያውቅም። በእኛ ዘንድ በበዓል ዶማ አይነሳም፣ መሬት አይቆፈርም። እኔም ይህን አክብሬ ነው የኖርኩት። እሱ ግን በየበዓሉ ዋዜማ ቦዩ ከወንዙ ወደሚነሳበት ጠለፋ ይወጣና ውሃውን ወደ ወንዙ ይመልሰዋል። ተራህ በዓል ላይ ከዋለ ተቃጠለ ማለት ነው፤ ማግስቱ የሌላ ሰው ነው። ቦዩ ለጓሮ ሽንኩርት ብቻ በነበረ ጊዜ ይህ ማንንም አልጎዳም፤ ተራው ያለፈበት ሰው በቅል እየቀዳ ያጠጣ ነበር። ስንዴ በቅል ይጠጣል?

የካቲት ላይ፣ ስንዴው ዛላ ማውጣት በጀመረበት ሰሞን፣ ተራዬ ሚካኤል ላይ ዋለ። ውሃዬ ወንዝ ገባ። ዋጥ አድርጌ ቻልኩት። ቀጣዩ ተራዬ ሲደርስ ደግሞ ማርያም ላይ! መሬቱ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል። ቅጠሉ ፀሐይ ሲከር ይጠቀለላል። ሌላ ተራ ብጠብቅ የማጭደው ገለባ ነው፤ እስከ መጪው መኸር ደግሞ ቤት ውስጥ ሌላ እህል አልነበረም።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ የውሃ አባቱን ጠለፋው ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«አንተን እጠብቃለሁ። ዛሬ አትዘጋም።»

«ነገ ማርያም ናት።»

«ውሃውም ሊያስቀድስ ነው ወደ ወንዝ የሚሄደው?»

«አትሳለቅ! በማርያም ሥራ የለም።»

«እኔም አልሠራም። ውሃውን ማሳው ውስጥ የሚመሩትን ፈሰሶች ቀድጄ ጨርሻለሁ፣ የማሳዬ አፍ ክፍት ነው። ነገ ማንም እጁን አያነሳም፤ ውሃው ራሱ ይገባል። አንተ ብቻ አትዝጋው። መዝጋትም እኮ ሥራ ነው።»

«ቦዩ ቢሰበርስ? ከማሳህ በታች የጎረቤትህ የሴትዮዋ ድንች አለ። በማርያም ማን ይደፍነዋል?»

«አጠገቡ እውላለሁ።»

«ውለህ ምን ልታደርግ? ልትለምነው?»

ፀሐይ እስክትጠልቅ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ «ድንቹ ውስጥ ውሃ ቢገባ በሕይወትህ ተራ የለህም» አለኝና ሳይዘጋው ሄደ።

በበዓሉ ቀን አስቀድሼ ቀጥታ ማሳዬ ሄድኩ። ዶማዬን ሆን ብዬ ቤት ትቼዋለሁ። ውሃው እየገባ ነበር፤ ስንጥቁ መሬት ሲጠጣ ይሰማል። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ የቦዩ ጠርዝ ተናደ። ፍልፈል ውስጥ ውስጡን ቦርቡራው ኖሯል፤ እሷ በዓል አታከብር። ቀዳዳው ዓይኔ እያየ ሰፋ፣ ውሃው ወደ ድንቹ ሊወርድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው ነጭ ለብሶ በአጠገቤ ያልፋል። አፈር ብዝቅ ሥራ ነው፤ ብተወው ተራዬ ለዘላለም ሄደ። ጋቢዬን እንደለበስኩ ቀዳዳው ውስጥ ቁጭ አልኩበት።

ውሃው ቆመ። እኔን ግን እስከ ወገቤ በረደኝ።

የድንቹ ባለቤት እየሮጠች መጣች። «ኧረ ጋሼ! ምን ሆነው ነው?»

«ተቀምጬ ነዋ። መቀመጥ ሥራ ነው?»

«ጭቃ ውስጥ?»

«ድንችሽን እየጠበቅኩልሽ ነው። ባትስቂ ምን አለበት?»

አንዱ ከመንገድ ዳር «እንደ ዶሮ ታቅፈው የተቀመጡት ምን ሊፈለፍሉ ነው?» ብሎ ጮኸ።

«ስንዴ!» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ባለቤቴ መጥታ አየችኝ። በአገውኛ ሰደበችኝ፤ ስድብ በአገውኛ ይቀናታል። ከዚያ ሄዳ ወንድሟን ጠራችው። መጥቶ ከላዬ ቆመ።

«ተነስ።»

«ብነሳ ድንቹ ይሄዳል።»

«ሽማግሌ ሰው! ሰው ምን ይላል?»

«ያለውን ብሏል፤ እዚሁ ሆኜ ሰምቻለሁ።»

ስንዴውን አየ፤ ገና ግማሹም አልጠጣም። ድንቹን አየ። ጥርሴ ሲንገጫገጭም ሳይሰማ አልቀረም። ጫማውን አወለቀና ሱሪውን ሰበሰበ።

«ጠጋ በል።»

«ምን ልታደርግ?»

«ልቀመጥ ነዋ! መቀመጥ ሥራ አይደለም ያልከው አንተ ነህ። ውጣና ፀሐይ ሙቅ፤ ሲሞቅህ ትመለሳለህ።»

እንዲህ እየተፈራረቅን ዋልን። የመጨረሻው ፈሰስ እስኪጠጣ ድረስ በተቀመጠ ቁጥር ይሰድበኝ ነበር፤ እኔም ዕዳ አላስቀረሁበትም።

በማግስቱ ጠዋት ወገቤን ይዤ ወደ ማሳው ወረድኩ። ጣቴን አፈሩ ውስጥ ሰደድኩ፤ እርጥብ ነው። የስንዴው ቅጠል ተዘርግቷል። ወደ ቀዳዳው ስዞር የውሃ አባቱ ቀድሞኝ ዶማ ይዞ ቆሟል።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለ ወደ እኔ ሳይዞር፣ «በዓል ላይ የዋለ ተራ ወደ ማግስቱ ይዛወራል። አንተ ዳግመኛ ጭቃ ውስጥ ስትቀመጥ ማየት አልፈልግም።»

ይህን ብሎ ቀዳዳውን በልል ጭቃ መድፈን ጀመረ። ከሥሩ ድንጋይ ሳይገባበት! ዶማውን ከእጁ ነጠቅኩትና ራሴ ደፈንኩት።