የቡልቡላው ተናዛዥ

አጎቴን የገደልነው ጸሎት ላይ ነው። ተመካክረን፣ «አሜን» ብለን።

ዘመኑ ደርግ ነው። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ፣ እኛ የናዝሬት ጴንጤዎች ሰዋራ ጠላ ቤት እንደሚያዘወትር ሰው ግራ ቀኙን እያየን ከቤት ቤት እንዞራለን። መምህራችን አንዴ ታስሮ ወጥቷል። ሁለተኛ ቢያዝ እንደማይመለስ ነግረውታል። ሰው ተሰብስቦ «ምን እያደረጋችሁ ነው?» የማይባልበት አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ለቅሶ።

«የሚሞትልን ዘመድ ያለው አለ?» አለ መምህራችን።

እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቡልቡላ አንድ አጎት አለኝ፤ ናዝሬትን ከረገጠ ዓመታት አልፈዋል። ልጅ ስለሌለው «ስሞት ያለኝ ሁሉ ያንተ ነው» ብሎ በእናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ፊት ቃል ገብቶልኛል። አዋጁ መሬቱን ከወሰደው ወዲህ «ያለኝ ሁሉ» ምን እንደሆነ እንጃ! እኔ ግን ተስፋ አልቆረጥኩም። ስለ ሰማያዊው ርስት ስንዘምር አንድ ዓይኔ ሰማይ፣ አንድ ዓይኔ ቡልቡላ ነበር።

የዘነጋነው ዕድሩን ነው። ናዝሬት ላይ ሰው ሞተብኝ ብሎ ብቻውን የሚቀመጥ የለም። ጥሩምባ ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ጎረቤት ንፍሮ ይዞ መጣ። ሚስቴ ሳቋን ለመደበቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ብትጭን፣ «ውይ፣ ሐዘኗ!» ተባለላት።

በማግስቱ የድንኳኑን ጥግ ይዘን መምህራችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያስተምራል። «ኪዳን ማለት ኑዛዜ ነው። ኑዛዜ ደግሞ ተናዛዡ ካልሞተ አይጸናም። ጌታ የሞተው የዘላለሙ ርስት እንዲደርሰን ነው።» እኔም በሆዴ፣ «የኔው ተናዛዥስ መቼ ይሆን?» እላለሁ።

የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ ገባ። ለቅሶ ቤት ካርታ መጫወት ያለ ነውና ካርታችንን አነሳን። ችግሩ፣ ከኛ መሐል ካርታ የሚያውቅ የለም። መምህራችን እንደ መዝሙር ደብተር በሁለት እጁ ይዞታል። ከመዳኔ በፊት ቁማርተኛ የነበርኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ለሁሉም ተጫወትኩላቸው። ኃጢአቴ ለቁም ነገር የዋለው ያን ቀን ነው።

«ሟች ምንህ ነው?» አለኝ ጥበቃው።

«አጎቴ።»

«በምን ሞተ?»

«በልብ» አልኩ እኔ። «በወባ» አለች ሚስቴ፣ እኩል።

«ወባው... ልቡ ላይ ወጥቶ» አልኩ።

ጥበቃው መምህራችንን ትኩር ብሎ ማየት ጀመረ። ይኼኔ ከድንኳኑ ደጅ፣ «አካም ኦልታን!» የሚል የኦሮምኛ «እንዴት ዋላችሁ» መጣ። ሟች ናቸው፤ የጣሊያን ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው። ከዕድርተኞቹ አንዱ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። በቡልቡላ ሲያልፍ ቤተሰቡን ላጽናና ብሎ ቢገባ፣ «እግዜር ያጽናችሁ»ውን የተቀበለው ራሱ ሟቹ ነበር፤ በዚያው መኪና ጭኖት መጣ።

የመምህራችን ካርታ ከእጁ ረገፈ።

«አባት፣ ማን ነዎት?» አለ ጥበቃው።

አጎቴ ጠመንጃውን አየ፤ እኔን አየ፤ መሬት የረገፈውን የመምህራችንን ካርታ አየ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«የሟች ታናሽ ወንድም ነኝ» ብሎ ደረቱን ይደቃ ጀመር። «ወንድሜ! አንተ መልከ መልካም! አንተ ለጋስ! የቡልቡላ ቆነጃጅት ማንን አይተው ይሙቱ!»

በሕይወቱ ማንም ያላመሰገነው ሰውዬ ራሱን ሲያመሰግን አላቆም አለ። ጥበቃው ዓይኑን ጠራርጎ፣ ንፍሮውን ዘግኖ፣ «ያጽናችሁ» ብሎ ወጣ።

«አንተ ውሻ፣» አለኝ አጎቴ ጥበቃው እንደራቀ፣ «ምን በድዬህ ነው ከነነፍሴ የቀበርከኝ?»

ነገርኩት። መምህራችንም እያፈረ የኑዛዜውን ትምህርት አስረዳው። አጎቴ ከት ብሎ ሳቀ።

«እንግዲያማ ድንኳን ተተክሎ፣ ንፍሮ ተበልቶ፣ ራሴም አልቅሼ ኑዛዜዬ ጸንቷል። ቃሌን አላጥፍም።» ባርኔጣውን ራሴ ላይ ደፋልኝ። «ያለኝ ሁሉ ይኸው። የቀረውን መንግሥት ወርሶታል።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ኖረ። ናዝሬት በመጣ ቁጥር፣ «ርስትህን እስቲ አውሰኝ፣ ፀሐዩ በረታ» ይለኝ ነበር። ባርኔጣው አሁንም እኔ ዘንድ ነው፤ ሰፊ ስለሆነ ዓይኔ ላይ እየወረደ ከግድግዳ ያላትመኛል። አሁን እንግዲህ የመሞቱ ተራ የኔ ነው። ጓደኞቼ፣ «ሞቶ ተነሣ የሚባለውን ነገር አንተ እውነት ታምነዋለህ?» ይሉኛል።

እንዴት አላምን! የኔው ተናዛዥ ለቅሶው ሳያልቅ ከድንኳኑ ደጅ ቆሞ «አካም ኦልታን!» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።