የአባባ ክንድ ያጠረ ጊዜ

ዝናብ የመታው ባና የለበሰ ገበሬ ሱቄ በር ላይ ለመጠለል በቆመ ቁጥር፣ ያ የረጠበ የበግ ጠጉር ሽታ ከመሐል ሜዳ ከተማ አንስቶ ቀየት በሚባል ገጠር ወዳለው ቤታችን ይመልሰኛል።

በመንደራችን ሜትር አልነበረም፤ አባባ ነበሩ። ሁለት እጃቸውን ሲዘረጉ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ያለው «አንድ ልክ» ይባል ነበር፣ የጉድጓድ ገመድ የሚገምደውም፣ ቤት የሚሠራውም፣ ባና የሚያሸምነውም እየመጣ «ጋሼ፣ እስቲ እጅዎን ያውሱን» ይላቸው ነበር። እሳቸውም ቁመታቸውን በላባቸው ያፈሩት ይመስል ኮራ ብለው ይዘረጉለት ነበር።

ሰኔ ላይ የቤት ክዳን ሲጠግኑ ወድቀው ግራ ክንዳቸው ተሰበረ። ወጌሻ አስሮት መስከረም ሲጠባ ቢፈታም፣ ክርናቸው ታጥፎ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የአባባ ልክ አንድ ስንዝር አጠረ። ይህን የማያውቅ አልነበረም፣ የሚነግራቸው ግን ጠፋ፤ ሰው አስለክቶ፣ አመስግኖ ይሄድና ከአጥሩ ጀርባ ስንዝሩን ይጨምር ነበር።

ጥር ላይ እህቴ ዘነበች ልትዳር ሆነ። የሙሽራ ባና አራት ልክ ነው፤ ካጠረ፣ እግሩን የበረደው አማች ሲያማ የሚኖረው የሙሽራዋን አባት ቤት ነው። ሸማኔው ደምሴ በአባባ እጅ ለክቶ ሲወጣ እናቴ እስከ በር ሸኝታው «አራት ስንዝር ጨምርበት፣ እሳቸው እንዳይሰሙ» አለችው።

ባናው ሲመጣ አባባ ሊረከቡ ለኩት። አራት ብለው ሲጨርሱ ጫፉ ተርፎ መሬት ላይ ተኛ። የተረፈውን አዩ፣ እናቴን አዩ፣ ክርናቸውን አዩ።

«ደምሴ፣ ሸማኔ ሲሰርቅ እንጂ ሲመርቅ አይቼ አላውቅም።»

«ለሙሽራ ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«ተወኝ እባክህ! ከመቼ ጀምሮ ነው የምታዝኑልኝ?»

እናቴ የተረፈውን ጫፍ ከመሬት አንስታ አጠፈችው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰው ፊት ቆመው «ከመስከረም ወዲህ በእኔ እጅ ያስለካችሁ፣ ስንዝር ስንዝር ጨምሩ። ከእንግዲህ ደምሴ ዘንድ ሂዱ፤ አጭር ቢሆንም እጁ ቀጥ ያለ ነው» አሉ። ሰው ሳቀ፣ እሳቸውም አብረው ሳቁ፤ ቤት ገብተው ግን ያን ቀን እህል አልቀመሱም።

ዛሬ እኔ ጨርቅ የምለካው በብረት ሜትር ነው፣ ከጣራ አይወድቅ፣ አይኮራ። ጫፉ ግን ከተቆረጠ ቆይቷል፣ ሁለት ጣት ይጎድላል። ለገዢ ሁሉ ሁለት ጣት እጨምራለሁና ማንንም አልበደልኩም። በሰው ፊት «ይጎድላል» ብሎ መናገሩ ግን እስካሁን አልሆነልኝም።